ልዩነቱን አትደብቁት፦ በሂሳብ አያያዝ ኮርስ መክፈቻ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የአንደኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪዎች፣ ዛሬ በመካከላችን የተገኛችሁ የትምህርት ክፍላችን መምህራን፤ እንደምን አደራችሁ።

ከኮዬ ፈጬና ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች፣ ከአቃቂ፣ ከገላን፣ አንዳንዶቻችሁም ከዱከም ድረስ በማለዳ ተነሥታችሁ፣ የታክሲ ሰልፍ ይዛችሁ እዚህ አዳራሽ እንደደረሳችሁ አውቃለሁ። የመጣሁት በዚህ ሴሚስተር በምንማረው የሂሳብ አያያዝ መርሆዎች ኮርስ ማርክ በምን መንገድ እንደሚሰጥ፣ ከእናንተም ከእኛ ከመምህራኑም ምን ዓይነት ሥነ ምግባር እንደሚጠበቅ፣ ከዚህም በላይ ደንቡ ለምን እንዲህ ሆኖ እንደተቀረጸ ለማስረዳት ነው። ደንቡ በእጃችሁ ባለው ሁለት ገጽ ወረቀት ላይ ሰፍሯል፤ ምክንያቱ ግን አልሰፈረም፤ እኔም ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ የምናገረው ስለ ምክንያቱ ነው።

የማርኩ ክፍፍል ቀላል ስለሆነ በአጭሩ ልለፈው። ከ100 ማርክ 50ው በተከታታይ ምዘና፣ 50ው በፋይናል ፈተና ይያዛል። ተከታታይ ምዘናው ሁለት ኩዊዝ እያንዳንዳቸው 5፣ ሚድ 20፣ የቡድን ሥራ 15፣ የግል የቤት ሥራ 5 ማርክ አሏቸው። ግሬድ የሚሰጠው በቋሚ ስኬል ነው፤ 90ና ከዚያ በላይ ያመጣ ኤ ፕላስ፣ ከ85 ጀምሮ ያመጣ ኤ ያገኛል፤ 50 ደግሞ የሲ መነሻ ነው። ክፍሉ በሙሉ ኤ ቢያመጣ ክፍሉ በሙሉ ኤ ይሰጠዋል፤ የጓደኛችሁ ውጤት ከፍ ማለት ከእናንተ የሚቀንሰው ነገር ስለሌለ፣ ኖት የምትደባበቁበት ምክንያት የለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በሚድም ሆነ በፋይናል ትሪያል ባላንስ፣ ማለትም የሁሉም ሂሳቦች የዴቢት (የግራ ወገን) ድምርና የክሬዲት (የቀኝ ወገን) ድምር እኩል መሆናቸው የሚታይበትን ሰንጠረዥ፣ የምትሠሩበት ጥያቄ ይኖራል። ባለፉት ዓመታት ካረምኳቸው ወረቀቶች ከሁሉ ይበልጥ ያሳዘኑኝ የተሳሳቱት አይደሉም፤ ዴቢቱ ከክሬዲቱ ጋር እንዲገጥም ሲባል ከየትም ያልመጣ ቁጥር የገባባቸው ናቸው። ሁኔታው ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነው። ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ቀርቷል፤ የዴቢቱ ድምር 148,600 ብር፣ የክሬዲቱ ድምር ደግሞ 147,700 ብር ወጥቷል፤ ተማሪው ዙሪያውን ይመለከትና ልዩ ልዩ ወጪ የሚለውን 2,400 ብር 1,500 ያደርገዋል። ሁለቱ ድምሮች እኩል ይሆናሉ፤ ከሥራቸውም በማስመሪያ ሁለት ሁለት መስመር ይሰመርባቸዋል። ወረቀቱ ሲታይ ያምራል፤ ነገር ግን ውሸት ነው።

በዚህ ኮርስ የምንከተለው ደንብ ይህን ይመለከታል። ጥያቄው 12 ማርክ ቢይዝ፣ ሚዛኑ አልገጥም ያለው ተማሪ «ልዩነት 900 ብር፣ ምንጩ አልተገኘም» ብሎ ከሥሩ ቢጽፍና የት ሊሆን እንደሚችል ያሰበውን በአንድ መስመር ቢያመለክት፣ የሚያጣው ቢበዛ 2 ማርክ ነው። ቁጥር ፈጥሮ ያስገጠመው ግን 12ቱንም ያጣል፤ ከዚያም ቀርቦ እንዲያስረዳ ይጠራል። ይህ ቅጣት ከበደብን የሚሉ ተማሪዎች አጋጥመውኛል፤ እኔ ግን ሳስበው ከኮርሱ ደንቦች ሁሉ ይልቅ ለተማሪ የሚያዝነው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ልዩነቱን የጻፈ ሰው ስህተቱን የማግኘት ዕድል አለው። 900 ለ9 ይካፈላል፤ ለ9 የሚካፈል ልዩነት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለት አኀዞች ቦታ መለዋወጣቸውን ይጠቁማል። 6,750 መሆን የነበረበት ሂሳብ 7,650 ተብሎ ሊሆን ይችላል። ወይም ልዩነቱን ለሁለት ስታካፍሉት 450 ይመጣል፤ ክሬዲት መደረግ የነበረበት 450 ብር ዴቢት ወገን ገብቶ ከሆነ የሚያመጣው ልዩነት በትክክል ይኸው 900 ነው። ልዩ ልዩ ወጪን የነካካ ተማሪ ወደ ስህተቱ የሚመራውን ይህን ፍንጭ በገዛ እጁ አጥፍቶታል።

ይህን ደንብ ያወጣሁት ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። ወደ ማስተማር ከመምጣቴ በፊት በአንድ ፋብሪካ የሂሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ሰኔ 30 ቀን የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ የካዝና ቆጠራ ተደረገ፤ በእጅ የተገኘው ገንዘብ መዝገቡ ከሚያሳየው በ1,800 ብር አነሰ። ገንዘብ ያዧ ሁለት ልጆች የምታሳድግ ጠንቃቃ ሴት ነበረች፤ «ቫውቸሮቹን አንድ በአንድ አብረን እንያቸው» ብላ ለመነችኝ፤ ቫውቸር የእያንዳንዱ ክፍያ ማስረጃ የሆነው ሰነድ ነው። ሪፖርቱ በማግስቱ ይፈለግ ስለነበር ጊዜ የለኝም አልኳት፤ 1,800 ብሩን በስሟ ተሰብሳቢ ሂሳብ፣ ማለትም ከእሷ የሚፈለግ ዕዳ፣ አድርጌ መዘገብኩና መዝገቡን ዘጋሁ። ትሪያል ባላንሱ ገጠመ። ሐምሌ፣ ነሐሴና መስከረም ከደመወዟ በየወሩ 600 ብር ተቆረጠ።

በጥቅምት ወር ሌላ ሰነድ ስፈልግ ፋይሎቹን ሳገላብጥ የአንድ መለዋወጫ ግዢ ቫውቸር አየሁ። ቫውቸሩ 3,150 ብር ይላል፤ መዝገቡ ላይ በገዛ እጄ ጽሑፍ የሰፈረው 1,350 ነው። ዴቢቱንም ክሬዲቱንም በዚያው በተሳሳተ ቁጥር ስለመዘገብኩት፣ ትሪያል ባላንሱ ከመጀመሪያውም ስህተቱን ሊያሳየኝ አይችልም ነበር፤ ቆጠራው ግን አሳይቶኝ ነበር። 1,800 ለ9 ሲካፈል ልክ 200 ይመጣል፤ ያን ዕለት ይህችን አንዲት ስሌት እንኳ አልሞከርኩም። ስህተቴን ለአለቃዬ በጽሑፍ አሳወቅኩ፤ ገንዘቡም ተመለሰላት። ይቅርታ ስጠይቃት ግን፣ «ገንዘቡስ ተመለሰ፤ ሦስት ወር ሙሉ ሰው ሁሉ ያየኝ የነበረበትን ዓይን ማን ይመልስልኛል?» አለችኝ። የምመልሰው ቃል አጣሁ። ዛሬም አላገኘሁም።

ስለዚህ ከወረቀታችሁ ላይ የምንፈልገው የመጨረሻውን መልስ ብቻ አይደለም። ፈተና የሚሠራው በእስክሪብቶ ነው። ስህተት ስታገኙ በላዩ አንድ መስመር አስምራችሁ ትክክለኛውን ከጎኑ ጻፉ፤ ማጥፊያ ቀለም አይፈቀድም፤ ምክንያቱም በሥራ ዓለምም የተሰረዘው ቁጥር መነበብ አለበት። ስሌታችሁን ካሳያችሁ፣ በአንድ ቁጥር ስህተት ምክንያት ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ቢበላሽ እንኳ የምታጡት የመጀመሪያዋን ስህተት ማርክ ብቻ ነው። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ የቋንቋ ስጋት ያለባችሁ ብዙ እንደሆናችሁ እገምታለሁ፤ ለሰዋስው ማርክ አንቀንስም፤ በክፍል ውስጥም በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ ጠይቁ፤ የጥያቄውን ሐሳብ ያልገባው ተማሪ ቁጥሩ ሊገባው አይችልም።

የቡድን ሥራው በአካባቢያችን ያለ አንድ አነስተኛ ንግድ፣ ለምሳሌ አንድ ወፍጮ ቤት፣ የጀበና ቡና ወይም የኮንስትራክሽን ዕቃ መሸጫ፣ ባለቤቱ ፈቅዶ የአንድ ወር ሂሳቡን መዝግቦ ማቅረብ ነው። የሰውዬውን ስምና ገቢ ከክፍል ውጭ ማውራት ክልክል ነው፤ የደንበኛን ምስጢር መጠበቅ የሚጀመረው ከምርቃት በኋላ አይደለም። እንደምታውቁት በቡድን ሥራ አንዱ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል፣ አራቱ ስማቸውን ያዋጣሉ። ይህን ለመከላከል እያንዳንዱ አባል ለየብቻው ቀርቦ አንድ ቫውቸር ይሰጠዋል፣ ከዚያ ተነሥቶ እስከ ሌጀሩ፣ ማለትም ሂሳቦቹ በየዓይነታቸው ተለይተው እስከሚሰፍሩበት መዝገብ ድረስ ያስረዳል። ከ15ቱ ማርክ 8ቱ የሚሰጠው ለዚህ ነው። ቻትጂፒቲን የመሰለ መሣሪያ ያልገባችሁን እንዲያብራራላችሁ ብትጠይቁት አልቃወምም፤ ጆርናሉን፣ ማለትም የመጀመሪያውን የዕለት ምዝገባ፣ ሠርቶ ከሰጣችሁ ግን ለዚያ ቫውቸር ማብራሪያ ስትጠየቁ አጠገባችሁ አይኖርም።

አጤሬራ ይዞ የተገኘ፣ መልስ በቴሌግራም የተቀባበለ ወይም በሌላ ሰው ስም የተፈተነ ተማሪ የዚያ ፈተና ማርኩ ዜሮ ይሆናል፤ ጉዳዩም ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ይመራል። ካልኩሌተር ይፈቀዳል፣ ሞባይል አይፈቀድም። በዚህ ላይ የምጨምረው የለም።

የበለጠ መናገር የምፈልገው እኛን መምህራንን ስለሚመለከተው ነው። ፋይናል ካለቀ በኋላ ባሉት ቀናት ቢሮዬ በር ላይ «መምህር፣ 2 ማርክ ብቻ ጨምሩልኝ፤ ከዲስሚሳል የምታድነኝ እሷ ናት» የሚሉ ተማሪዎች ይመጣሉ። ቤተሰብ የሚልኩ አሉ፤ ሽማግሌ የሚልኩም አሉ። እንባቸው እውነተኛ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ችግራቸውንም አልንቅም። ነገር ግን ያልተሠራን ማርክ መጨመር ያልተሸጠን ዕቃ እንደተሸጠ ቆጥሮ ገቢ ውስጥ እንደማስገባት ነው፤ ይህን እያደረግኩ እናንተን ሐቀኛ ሂሳብ ማስተማር አልችልም። ደግሞም ጭማሪው አያድናችሁም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ አገር አቀፉን የመውጫ ፈተና በ50 ከመቶና ከዚያ በላይ ማለፍ ግድ ሆኗል፤ በአንደኛ ዓመት በልመና የተገኘች 2 ማርክ በመውጫ ፈተናው ዕለት አብራችሁ አትቀመጥም። እገዛ የምፈልገው ቀደም ብላችሁ እንድትጠይቁኝ ነው፤ ከሚድ በኋላ ከ20 ማርክ ከ10 በታች ያመጣ ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት የማጠናከሪያ ክፍለ ጊዜ አለው፤ የማስተምረውም እኔ ነኝ።

ሆኖም እኛም እንሳሳታለን። ድምር እናሳስታለን፤ አንድ ገጽ ሳናርም የምናልፍበት ጊዜም አለ። የታረመ ወረቀታችሁን የማየት መብት አላችሁ፤ ቅሬታ ካላችሁ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ አቅርቡ። ወረቀቱን ሌላ መምህር ያየዋል፤ ቅሬታ በማቅረባችሁም ማርካችሁ አይቀነስም። ባልደረቦቼ በዚህ የመጨረሻ ነጥብ ተከራክረውኝ ነበር፤ ማርኩ ሊቀንስ እንደሚችል ካልተነገረ ሁሉም ሰው ቅሬታ ያቀርባል የሚል ስጋት ነበራቸው። እኔ ግን ፈርቶ ዝም የሚል ተማሪ ከሚበዛ የማነበው ወረቀት ቢበዛብኝ እመርጣለሁ።

አሁን የምናገረውን ሁላችሁም፣ በተለይ ሴት ተማሪዎቼ፣ በደንብ ስሙኝ። ስለ ማርክ የሚደረግ ንግግር የሚካሄደው በሥራ ሰዓት፣ በቢሮ፣ በሩ ክፍት ሆኖ ነው። ጓደኛችሁን ይዛችሁ መግባት ትችላላችሁ። ማንም መምህር ስለ ግሬድ በግል ስልካችሁ ሊደውል፣ ከግቢ ውጭ ሊቀጥራችሁ ወይም ስጦታ ሊቀበላችሁ አይችልም። እንዲህ ያለ ነገር ቢያጋጥማችሁ፣ ያደረገው ሰው እኔም ብሆን፣ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ወይም ለሥርዓተ ፆታ ቢሮ አመልክቱ። ወረቀታችሁ በሌላ መምህር እንዲታረም ይደረጋል።

መገኘትን በተመለከተ ቢያንስ 85 ከመቶ ክፍለ ጊዜ መገኘት ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ከከተማው ዳርቻ የሚመጣ ሰው ዝናብ ሲጥል ምን እንደሚገጥመው የምታውቁት እናንተ ብቻ አይደላችሁም፤ እኔም በዚያው መንገድ እመላለሳለሁ። ስለዚህ ኩዊዝ የሚሰጠው በክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ሳይሆን በመጨረሻው 15 ደቂቃ ነው። አርፍዳችሁ ብትደርሱ ከኋላ በኩል በዝግታ ገብታችሁ ተቀመጡ፤ በር ላይ ቆማችሁ አትመለሱ። ሕመም ወይም ሐዘን ያጋጠመው ተማሪ ማስረጃ ይዞ በሳምንት ውስጥ ካመለከተ ምትክ ፈተና ይሰጠዋል፤ ለለቅሶ የሐኪም ወረቀት አንጠይቅም፤ ከዕድር ወይም ከወረዳ የመጣ አጭር ደብዳቤ ይበቃል።

በመጨረሻ የወረቀቱን የመጨረሻ ገጽ ተመልከቱ፤ ሁለት የፊርማ ቦታ አለው፤ አንዱ የእናንተ፣ አንዱ የእኔ ነው። ዛሬ አትፈርሙ። እስከ ሐሙስ በቤታችሁ አንብቡት፤ ያልተስማማችሁበት ነጥብ ካለ ከጎኑ ጻፉበት፤ ሐሙስ አንድ በአንድ እንነጋገርበታለን፤ የሚስተካከለውም ይስተካከላል፤ ከዚያ በኋላ እናንተም እኔም እንፈርማለን። በዚያው ዕለት የመጀመሪያውን ጆርናል እንጀምራለን፤ እስክሪብቶ፣ ማስመሪያና አንድ ባለ ካሬ ደብተር ይዛችሁ ኑ። አመሰግናለሁ።