ጥሩምባ ሳይነፋ

የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ። ቄሳችን መርቀዋል፣ ሼሃችን ዱዓ አድርገዋል፤ በዚያ ላይ እኔ የምጨምረው የለኝም። ቡናውም እየፈላ ስለሆነ ቶሎ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ሪፖርቱን ጸሐፊያችን ያነቡላችኋል። ባጭሩ፣ ድንኳኑ ተሰፍቷል፣ አግዳሚዎቹ ተቆጥረዋል፣ ከጠፉት ሁለት ብረት ድስቶች አንዱ ተገኝቷል። ሁለተኛውን የወሰደው ሰው ዛሬ እዚህ ያለ አይመስለኝም። ለቅሶ ላይ ግን አላፈርንም፤ በክረምቱ ዶፍ እንኳ ድንኳን የዘገየበት ቤት የለም። በዚህ ኮርቻለሁ። በ1660 ዓ.ም. ገደማ፣ በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ እዚሁ ጎንደር የተቀመጠ ጉባኤ ሙስሊሙ ከክርስቲያኑ ተለይቶ ይስፈር ብሎ ወስኖ ነበር። ዛሬ በዕድራችን አንዱ የሌላውን አስከሬን ይሸኛል፣ ንፍሮውንም አብረን እንዘግናለን።

ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። አምና በዚሁ ስብሰባ የወሰናችሁትን ታስታውሳላችሁ፦ በወር አንድ ቅዳሜ ሁለት ሁለት ሆነን፣ ከቤት የማይወጡ አረጋውያን አባሎቻችንን ቡና ይዘን እንድንጠይቅ። ለቡናና ለስኳር የምትሆን ትንሽ መዋጮም ተጨምራ ነበር። እጁን ያላወጣ ሰው አልነበረም። ከዚያስ? ጥቅምት ላይ ስድስት ሰው መጣ፣ ኅዳር ላይ ሦስት፤ ከታኅሣሥ ወዲህ እኔና ገንዘብ ያዡ ተፋጠን ቀረን። ጭራሽ «ዕድር ለቀብር እንጂ ለቡና አልተቋቋመም» የሚል ሙግት ተነሣ፤ እሱም በስብሰባ ሳይሆን በየመንገዱ። «ደንቡ አይፈቅድም» ያላችሁም አላችሁ። ደንቡን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ቡና የሚከለክል አንቀጽ የለበትም።

ራሴንም ነጻ አላወጣም። ከመስቀል በኋላ አንዲት እናታችን መንገድ ላይ ይዘውኝ «ልጄ፣ አቦሉ ቢያመልጥህ ለበረካው ድረስ እንጂ» አሉኝ። እሺ አልኩ። እሺ እንዳልኩ ጥር አለፈ፣ ጾሙም ገባ። ግቢያቸው የገባሁት ሚያዝያ ላይ ነው፤ የድንኳን ካስማ ልተክል። ጀበናው ጓዳ በር ላይ ተደፍቶ፣ ሲኒዎቹ ታጥበው ረከቦቱ ላይ እንደተደረደሩ ነበሩ። ጠርዟ የተሸረፈችውን ሲኒ አወቅኋት። ልጅ ሳለሁ የሸረፍኳት እኔ ነኝ።

ቀብራቸው ላይ ያልነበረ አባል አልነበረም። ያን ሁሉ ሰው አላዩትም፤ ያን ሁሉ መልካም ንግግርም አልሰሙትም።

የፋሲል መዋኛ ዓመቱን ደርቆ ይከርምና ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውኃ ይገባበታል፤ በዓሉ ካለፈ በኋላ መልሶ ይደርቃል። ከከተራ ጀምሮ በዚያ ብርድ ዳር ዳሩን የምናድረው ውኃው እንደሚሄድ ስለምናውቅ አይደል? ዓመት እስከ ዓመት ሞልቶ ቢቆም ማን ጋቢውን ተከናንቦ ያድር ነበር? ይህን በአዲስ ዓለም ሰፈር ለሚኖረው ሙስሊም ጎረቤቴ ባነሣለት «ረመዳንም እንዲሁ ነው፤ የመጨረሻዎቹ 10 ሌሊቶች ናቸው የሚናፍቁኝ» አለኝ። ታዲያ ሰው ላይ ስንደርስ ለምን እንዘገያለን? ሰው እንደሚሄድማ ከእኛ የበለጠ ማን ያውቃል፣ ድንኳኑ ያለው እኛ ዘንድ!

ዛሬ ያልመጣችሁ አባላት፣ ይህን ጎረቤት ያድርስላችሁ። በቴሌግራም «ነፍስ ይማር» ጽፋችሁ፣ ቅጣታችሁን ከፍላችሁ ትቀራላችሁ። እውነቱን ልናገር፣ ከሣጥኑ መጉደል ይልቅ ቅጣቱን ቆጥሮ ከፍሎ የሚቀር አባል ያስፈራኛል።

የቅዳሜው ተራ ወረቀት ከጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ቡናው ሳይቀርብ ስማችሁን ጻፉ። ያልመጡትን ስም እኔው ጽፌላቸዋለሁ። ያልተስማማው ካለ በአካል መጥቶ ያሰርዝ።