መዋጮው ያለው ሊጉ ላይ ነው

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ።

በዚህ ዝናብ ከባሊሆኒስም፣ ከክሌርሞሪስም፣ ከዚሁ ከካስልባርም ለመጣችሁ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ለጾሙ ምስር ሳምቡሳውን ጠብሳችሁ ያመጣችሁ እህቶቼ፣ እጃችሁ ይባረክ።

እንደምታውቁት ነገ ካውንቲያችን ሜዮና ጎረቤታችን ጎልዌይ በጌሊክ ፉትቦል፣ በአየርላንዶቹ ባህላዊ ኳስ፣ ጎልዌይ ሶልትሂል ላይ ይገናኛሉ። የሊግ ጨዋታ ነው። አውቶቡስ ተከራይተናል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጡ ስላሉ "ደንቡን አስረዳልን" ተብዬ ነው የቆምኩት። አስረዳለሁ። የመጣሁበትን ነገር ሳልናገር ግን አልቀመጥም።

ደንቡ ከባድ አይደለም። በአንድ ወገን 15 ሰው ይሰለፋል። ጨዋታው 70 ደቂቃ ነው። ኳሷ በእጅም በእግርም ትያዛለች። ይዘህ ከአራት እርምጃ በላይ መሄድ አይቻልም። ወይ መሬት ታነጥራታለህ፣ ወይ በእግርህ መትተህ ወደ እጅህ ትመልሳታለህ። የጎሉ ቋሚዎች ከአግዳሚው በላይ ሽቅብ ይረዝማሉ። ከአግዳሚው በታች መረብ ከነካች ጎል ናት፣ 3 ነጥብ። በላይ በቋሚዎቹ መሀል ካለፈች 1 ነጥብ። ከ2025 ወዲህ ደግሞ ከጎሉ 40 ሜትር ርቆ ከተሰመረው ቅስት ውጭ ተመትታ ካለፈች 2 ነጥብ ሆኗል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው። ልጆች፣ እናንተ ከጎሉ አጠገብ የሚቆሙትን ዳኞች እዩ። ነጭ ባንዲራ ካነሱ 1 ነው፣ ብርቱካናማ ካነሱ 2፣ አረንጓዴ ካነሱ ጎል። "1-17" ብለው ሲጽፉ ደግሞ አንድ ጎልና 17 ነጥብ ማለት ነው። በድምሩ 20።

በዱላ የሚጫወቱት ሌላው ጨዋታ ኸርሊንግ ይባላል። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ እየተባለ ያደገ ሰው ያን ሲያይ ልቡ ይሞቃል። ስለሱ ሌላ ቀን እናወራለን።

አሁን ወደ መጣሁበት።

ባለፈው ዓመት ለሊግ ጨዋታ ሚኒባስ ስንከራይ ስንት ሰው መጣ? ስድስት። ከስድስቱ ሁለቱ የኔ ልጆች ነበሩ። በዚያው ቀን ማታ አርሰናል ሲጫወት በአንድ ሳሎን ውስጥ 23 ሰው ቆጥሬአለሁ። አርሰናልን አትዩ አላልኩም፣ እኔም አያለሁ። ግን እነዚያ ተጫዋቾች በመንገድ ሲያገኙን አያውቁንም። የሜዮ ተጫዋች ደግሞ ሰኞ ጠዋት የልጅህ አስተማሪ ሆኖ ክፍል ይገባል።

ለምን አትመጡም ስል ሁለት መልስ እሰማለሁ። አንደኛው "ሊግ ነው እኮ። ዋናው ሻምፒዮናው ነው። ፍጻሜ ከደረሱ ያኔ እንሄዳለን" የሚል ነው። ሁለተኛው "ልጄ እሱን ተጫውቶ ምን ያገኛል? ደመወዝ እንኳ የለውም" የሚል። እኔም ድሮ እንደዚህ ነበር የማስበው። ያረሙኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው።

አዲስ መጤ ሳለሁ ባሊሆኒስ፣ ጥገኝነት ጠያቂዎች የሚቀመጡበት ማዕከል ውስጥ ነበርኩ። ያኔ ጥገኝነት ጠያቂ ሥራ መሥራት አይፈቀድለትም ነበር። የተፈቀደው በ2018 ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ መንገድ ዳር እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። ከማዕከሉ ወጣ ብሎ በግ የሚያረቡ አንድ አባት ነበሩ። በየቀኑ ሳልፍ ያዩኛል። አንድ ቅዳሜ አጥሩ ላይ ተደግፈው አስቆሙኝ። "ነገ ሥራ አለህ?" አሉኝ። የለኝም አልኩ። "ቦቲ ጫማስ?" አሉ። እሱም የለኝም። ከበረታቸው የሟች ወንድማቸውን ቦቲ አውጥተው ሰጡኝ።

በነጋታው እዚሁ ካስልባር፣ ማክሄል ፓርክ ይዘውኝ መጡ። ሜዮና ጎልዌይ ነበሩ። የሊግ ጨዋታ። ዝናቡ ከላይ አይደለም የሚወርደው፣ ከጎን ነው የሚመጣው። እንደ ካታንጋ ሁሉም ቆሞ የሚያይበት ቦታ ቆምን። ሻይ በፔርሙዝ ይዘዋል። እኔ ጨዋታው አልገባኝም። እሳቸው ግን ጨዋታውን ትተው ሰዎቹን ነበር የሚያስረዱኝ። "ያ የእገሌ ልጅ ነው፤ አባቱ ወተት ያመላልስ ነበር። ያ ቁጥር 6 አናጢ ነው፤ የቤተ ክርስቲያናችንን በር የሠራው እሱ ነው። ያ ደግሞ ትናንት ሌሊት ሆስፒታል ተረኛ ነበር።" እኔም በመሀል ጠየቅኳቸው። "ስንት ይከፈላቸዋል?"

ዞር ብለው አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ "ማነው የሚከፍላቸው? እኔ?" አሉ።

በአንድ ነጥብ ተሸነፍን። ከካስልባር እስከ ክሌርሞሪስ በመኪናው ውስጥ አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ክሌርሞሪስን ስናልፍ "የሚቀጥለው እሑድ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ እወስድሃለሁ" አሉኝ። ወሰዱኝም። ከዚያ በኋላ ስንት እሑድ እንደሄድን አልቆጠርኩም።

እኚህ ሰው በ1951 የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። ሜዮ ሚዝ የሚባለውን ካውንቲ አሸንፎ የአየርላንድ ሻምፒዮናን ዋንጫ ሲያመጣ በአባታቸው ትከሻ ላይ ሆነው አይተዋል። ከዚያ ወዲህ ያ ዋንጫ ወደ ሜዮ ተመልሶ አያውቅም። ከ1989 እስከ 2021 ድረስ ሜዮ 11 ጊዜ ለፍጻሜ ደርሶ 11ዱንም ተሸንፏል። በ2016 ከደብሊን ጋር አቻ ወጥተው፣ በድጋሚው በአንድ ነጥብ። በ2017 አሁንም ከደብሊን፣ አሁንም በአንድ ነጥብ። ሰው ሁሉ ስለ እርግማኑ ያወራል። በ1951 ዋንጫውን ይዘው ሲመለሱ ፎክስፎርድ ላይ ቀብር አጋጥሟቸው ሳይቆሙ አለፉ፣ ቄሱም ረገሟቸው ይባላል። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ይናደዱ ነበር። "እርግማን የሚያወራው ሊግ ላይ የማይመጣ ሰው ነው" ይሉ ነበር።

አንድ ክረምት ታመሙ። አልተነሱም።

ቀብራቸው ዕለት ከቤተ ክርስቲያኑ በር ራቅ ብዬ ቆምኩ። የት እንደምቆም አላወቅኩም፣ ዘመድ አይደለሁም። የሰፈራቸው ክለብ ሰዎች ማሊያቸውን ከካፖርታቸው በላይ ለብሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰለፉ። ሬሳው በመሀላቸው ሊያልፍ ነው። ከመካከላቸው አንዲት ሴት፣ ሁልጊዜ በጨዋታ ቀን ሻይ የምትቀዳው፣ ወደኔ መጣች። ከቦርሳዋ ማሊያ አወጣች። "ልበስና ከነሱ ጋር ቁም" አለችኝ።

ለበስኩ። ቆምኩ። ያኔ ነው ዙሪያዬን ያየሁት። መኪና የሚያስቆመው የክለቡ ልጅ ነው። ወንበር የሚያመላልሰው የክለቡ ልጅ ነው። ሐዘን ቤት ሦስት ቀን ሻይ ያፈሉት፣ ዳቦ የቆረሱት፣ በጎቻቸውን ያበሉት የክለቡ ሰዎች ናቸው። ወገኖቼ፣ ይሄ እኮ ዕድር ነው! ድንኳኑና ጥሩምባ ነፊው ብቻ ነው የጎደለው። እኔ ዓመት ሙሉ ኳስ እያየሁ መስሎኝ ነበር። የዕድር ስብሰባ ላይ ነበር የቆምኩት።

ይህን ጨዋታ የሚመራውን ማኅበር፣ ጂኤኤ የሚሉትን፣ በ1884 ተርልስ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው መሠረቱት። ዛሬ በየአጥቢያው ክለብ አለ። ደብሊን ያለው ትልቁ ሜዳቸው፣ ክሮክ ፓርክ፣ 82,300 ሰው ይይዛል። እዚያ ሜዳ ላይ የሚሮጠው ልጅ ግን ደመወዝ የለውም። በ1920 ኅዳር ላይ፣ ደብሊንና ቲፐራሪ እዚያው ሜዳ ሲጫወቱ የእንግሊዝ ኃይሎች ገብተው ተኮሱ። 14 ሰው ሞተ። አንዱ ማይክል ሆጋን የሚባል የቲፐራሪ ተጫዋች ነው፤ ትልቁ የተመልካች መቀመጫ በስሙ ተሰይሟል። የካቲት 12ን የሚያስብ ሕዝብ ይህ ሜዳ ለነሱ ምን እንደሆነ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

እንግዲህ ልናገረው።

እኛ ዕድር ምን እንደሆነ ለሌላው ማስተማር የምንችል ሰዎች ነን። ታዲያ እዚህ አገር አሥር፣ አሥራ አምስት ዓመት ኖረን የሰፈሩ ዕድር ውስጥ ያልተመዘገብነው ለምንድነው? ፍጻሜው ድግስ ነው። ሊጉ ግን መዋጮ ነው። በጥርና በየካቲት ብርድ፣ ቴሌቪዥን ፊት መቀመጥ ሲቻል፣ ሄዶ መቆም ነው መዋጮው። አገር ቤት መዋጮ ሳይከፍል ድንኳኑ ሲተከል ብቻ የሚመጣውን ሰው ምን እንለው ነበር? ታውቁታላችሁ። እኔ ልጆቼ ያ ሰው እንዲሆኑ አልፈልግም!

"ልጄ ምን ያገኛል?" ለምትሉኝ ደግሞ፣ ቀባሪ ያገኛል። ሲታመም የሚጠይቀው ያገኛል። ሥራ ሲፈልግ "እሱን አውቀዋለሁ፣ ከኔ ጋር ተጫውቷል" የሚል ሰው ያገኛል። ይሄ ደመወዝ አይደለም? ሰው አጣን፣ ብቸኝነት ገደለን፣ ጎረቤቱ አያናግረንም እያልን በየበዓሉ እናለቅሳለን። ጎረቤቱ እሑድ እሑድ የት እንዳለ እየነገርኳችሁ ነው!

"አይቀበሉንም" የሚልም አለ። ሻይሮዝ አክራም ፓኪስታን ተወልዶ ባላሃደሪን ያደገ ልጅ ነው። በ2016 ከሜዮ ጋር የአየርላንድን ከ21 ዓመት በታች ዋንጫ በልቷል። ባላሃደሪን ደግሞ ካርታ ላይ ብታዩ ሮስኮመን ካውንቲ ውስጥ ናት። ክለቧ ግን የሚጫወተው ለሜዮ ነው። የ2017 የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች አንዲ ሞራንም የዚያው ክለብ ልጅ ነው። ከሜዮ ለመሆን ካርታው ያላገዳቸውን፣ እኛን ቀለማችን ያግደናል? ቦይዱ ሳየ ላይቤሪያ ተወልዶ ለዌስትሚዝ ካውንቲ ተሰልፏል። የኛ ልጆች ምን ጎደላቸው? የጎደላቸው እሑድ በመኪና የሚያደርሳቸው አባት ነው።

ስለ ሊጉ አንድ ነገር ልመልስ። አንድ ወንድማችን ባለፈው "በ2023 ሊጉን በላን፣ ምን ፈየደ?" ብሎኛል። እውነት ነው። በሊጉ ፍጻሜ ጎልዌይን 14 ለ11 አሸነፍን። በሳምንቱ እዚሁ ካስልባር ሮስኮመን ከኮናክት፣ ከምዕራቡ ክፍለ ሀገራችን፣ ሻምፒዮና አስወጣን። አመመኝ፣ አልዋሽም። ቢሆንም በሊግ ጨዋታ ላይ ነው ልጄ ፊሽካው እንደተነፋ ሜዳ ገብቶ ማሊያው ላይ ያስፈረመው። ፍጻሜ ላይ ያን ማን ይፈቅድለታል? አዲስ ልጅ ተሰልፎ የሚታየውም ሊጉ ላይ ነው። እና ቀልድ አይደለም። በምድቡ ያለው 8 ቡድን ነው፤ እያንዳንዱ የሚጫወተው 7 ጊዜ ብቻ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ይወርዳሉ።

ስለ ነገው ጨዋታ ብዙ አልልም። ሶልትሂል ባሕር ዳር ነው። ንፋሱን እዩ። ንፋስ ከኋላው ያለው ቡድን ከሩቅ እየመታ 2 ነጥብ 2 ነጥብ ይለቅማል። ስለዚህ እስከ እረፍት በ6 ብንመራ አትጨፍሩ፣ በ6 ቢመሩንም አትዘኑ፣ ማን ከንፋሱ ጋር እንደተጫወተ መጀመሪያ ጠይቁ። ጎልዌይ ፖል ኮንሮይ አላቸው፣ የ2024 የዓመቱ ምርጥ። ከተሰለፈ ከሩቅ አይስትም። እኛ ራየን ኦዶናሂው አለን። ጎልዌይ ከ2022 እስከ 2025 አራት ዓመት በተከታታይ ኮናክትን በልተዋል። በ2025 እዚሁ ሜዳችን ላይ 2-17 ለ2-15 አሸንፈውን ነው የወሰዱት። ያ ቀን አልወጣልኝም።

አውቶቡሱ ነገ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ከዚሁ በር ይነሳል። ቄሱ ከደብሊን የሚመጡት በሚቀጥለው ሳምንት ስለሆነ ነገ ቅዳሴ የለንም። የዝናብ ልብስ ያዙ። ቦቲ ለሌላችሁ እኔ ጋ ሦስት ጥንድ አለ፣ ቁጥር 42፣ 43ና 44።

ከሾፌሩ ኋላ ያለውን ወንበር ግን አትያዙብኝ። የእኚያ አባት የልጅ ልጅ ክሌርሞሪስ ላይ ይሳፈራል። 12 ዓመቱ ነው። የአያቱን ፔርሙዝ ይዞ እመጣለሁ ብሎኛል። ሁለት ሳምቡሳ አስቀምጡለት።