ዝም ያለው ፈረስ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ስለ ቤት ኪራይ ነበር ላወራችሁ ቃል የገባሁት። አልሆነም። ለሌላ ጊዜ ይቆየን። ሰሞኑን ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ዳማ፣ የጋሼ የጋሪ ፈረስ፣ ብቻ ነው።

ለምትጠይቁኝ ሁሉ፦ አዎ፣ ዳማ አለ። ይበላል። አራቱንም እግሩን መሬት ያስነካል። ፋሻው ግን ገና አልተፈታም። የላካችሁት ድርቆሽ ደርሷል፤ ጋሼ «እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ» ብለዋል። ይሄ ከኋላ የምትሰሙት ደግሞ እሱ ነው፣ የምታውቁት አውራ ዶሮ። እሱም ደህና ነው።

እሺ። ላወራ የፈለግኩት የእንስሳት ሐኪሟ፣ ዶክተሯ፣ ከቁስሉ ላይ ትርፉን ስጋ ስለቆረጠችበት ቀን ነው። አልለቀቀኝም። ዕቃ እያጠብኩ አስበዋለሁ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ከእንጦጦ ቁልቁል ስንወርድ አስበዋለሁ።

ቁስሉ የት እንደሆነ ታውቃላችሁ። የቀኝ የኋላ እግሩ፣ ከቋንጃው ዝቅ ብሎ፣ በፊት በኩል። ያ የተረገመ የአጥር ሽቦ። እዚያ ቦታ የፈረስ እግር ጡንቻ የለውም። ቆዳ፣ ጅማት፣ አጥንት፣ በቃ። ስለዚህ ቶሎ አይድንም። አዲስ ቆዳ ከጠርዙ ተነስቶ ወደ መሃል የሚሄደው በቀን አንድ አስረኛ ሚሊሜትር ያህል ነው። አስቡት። አንድ ሚሊሜትር ለመሸፈን አሥር ቀን። የዳማ ቁስል ደግሞ መዳፌን ያህላል።

ዶክተሯ መጀመሪያ የመጣች ቀን ግን ስፋቱን ብዙም አላየችውም። ያየችው ጅማቱን ነው። በፊት በኩል ያለው ጅማት ከተቆረጠ ፈረሱ ሰኮናውን ወደፊት መዘርጋት ያቅተዋል፣ ይደናቀፋል፣ ግን ብዙ ጊዜ ይድናል። ከኋላ በኩል ያለው፣ ክብደት የሚሸከመው ከተቆረጠ ነገሩ ሌላ ነው። ቁስሉ መገጣጠሚያ ውስጥ ከገባም እንደዚያው። የዳማ የፊተኛው ነበር። «ዕድለኛ ነው» አለች። ጋሼ እዚያው ሳሩ ላይ ቁጭ አሉ።

ምክንያቱም እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሰፈሩ በሙሉ «ልቀቀው» ሲላቸው ነው ያደረው። ልቀቀው ማለት ምን እንደሆነ ሱሉልታ ለኖረ ሰው አይነገረውም። ልጓሙን ታወልቃለህ፣ አስፋልት ዳር ትተወዋለህ። ማታ ጅብ አለ። በየአዲስ አበባ ዳርቻው መኪና መሃል ደንዝዘው ቆመው የሚውሉ ፈረሶችን አይታችኋል አይደል? ብዙዎቹ አንድ ጊዜ ጋሪ ጎትተዋል። የለቀቋቸውን ሰዎች ክፉ ናቸው ማለት ግን አልችልም። ባጃጅ መጥቶ ሥራው ቀንሷል። ድርቆሹ ተወዷል። የማይሠራ ፈረስ ከልጅህ ሰሃን ላይ ነው የሚበላው። ይሄን አውቃለሁ። አውቄም ያንገበግበኛል።

ቆይ፣ ወደ ስጋው ልመለስ።

የፈረስ እግር ሲቆስል ሌላ ጣጣ አለው። ቁስሉ ውስጥ ቀይ አዲስ ስጋ ይበቅላል። እሱ ጥሩ ነው፣ ጉድጓዱን ይሞላል። ግን እግር ላይ ሲሆን አንዳንዴ ማቆሚያ ያጣል። ሞልቶ ያልፋል፣ ከቆዳው በላይ ያብጣል። ቆዳው ደግሞ ሽቅብ አይወጣም። ጠርዙ ላይ እንደቆመ ይቀራል። ስለዚህ ትርፉ ስጋ ተቆርጦ ከቆዳው እኩል መደረግ አለበት። ከዚያ ጠበቅ ተደርጎ በፋሻ ይታሰራል።

ያን ቀን ጠዋት ብርድ ነበር፤ የእኛን ሰፈር ብርድ ታውቁታላችሁ። ጋሼ ልጓሙን ይዘው ራሱ ጋ ቆመዋል። እኔ ባልዲውን ይዣለሁ። በጨው ውሃ አጥበነዋል። እሱን እንኳን አሁን በእንቅልፌም አዘጋጀዋለሁ፤ ተፈልቶ የቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ፣ 9 ግራም ጨው፣ ማለትም ሞላ ያለ የሻይ ማንኪያ። ዶክተሯ ምላጩን አወጣች።

ጋሼ «ማደንዘዣ የለም እንዴ ዶክተር?» አሏት።

«ይሄ ስጋ ነርቭ የለውም አባቴ። አያመውም። ደም ግን ብዙ ይፈሳል፣ እንዳይደነግጡ።»

ከታች ጀምራ ወደ ላይ ቆረጠች። ከላይ ብትጀምር ደሙ የምትቆርጠውን ይሸፍንባታል። ደሙ እውነትም ጉድ ነው። ሰኮናው ላይ ወረደ፣ ሳሩ ላይ ወረደ፣ ጫማዬ ላይ ወረደ። ጋሼ ማየት አልቻሉም። ግንባራቸውን ዳማ አንገት ላይ አስደግፈው፣ ጋማውን ጨብጠው «ሱታ፣ ሱታ» ይሉታል። ቀስ፣ ቀስ። ለእሱ ይበሉት ለራሳቸው አላውቅም።

ዳማ አልተንቀሳቀሰም። ጭራውን እንኳ አላወዛወዘም። ጎረቤት ተሰብስቦ እያየ ነበር። አንዲት እናት «አቤት ጨዋነት!» አሉ። ከዚያ ሁሉም ተቀባበለው። ጨዋ ፈረስ ነው። እንዴት ያለ ጨዋ ነው። ዶክተሯም አንገቱን መታ መታ አድርጋ «ጎበዝ» አለችው።

እኔ ግን ዓይኑን ነበር የማየው።

እና እስካሁን የሚከነክነኝ ይሄ ነው። ነርቭ የለውም፣ ገባኝ። እውነት ነው፣ ያ ስጋ አያምም። ስለዚህ ዝም ቢል ምን ይገርማል? ግን መጀመሪያ የቆሰለ ቀንስ? ያኔ ቆዳው ተልጦ ተንጠልጥሏል። አጥንቱ ሊታይ ምንም አልቀረውም። ውሃ ስናፈስበት፣ ጠጠሩን በጎዝ ስናወጣለት፣ ያኔም እንዲሁ ነበር የቆመው። እንዲሁ። ያኔም «ጨዋ ነው» ብለውታል። አንደኛው ቀን ሊያመው የግድ ነው። ሌላኛው ቀን ሊያመው አይችልም። ፈረሱ ግን አንድ ዓይነት ፈረስ ነው።

ስለዚህ የቱን ነው እያየሁ የነበረው?

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት አለ። ፈረስ ሲያመው ፊቱ ላይ የሚታዩ ስድስት ምልክቶችን ያስቀምጣል። ጆሮው ወደ ኋላ ደርቆ ይቀራል። ዓይኑ ይጠባል። ከዓይኑ በላይ ያለው ቦታ ይወጠራል። የሚያኝክበት ጡንቻ ጎልቶ ይወጣል። አፉ ተጨምቆ አገጩ ይሾላል። የአፍንጫው ቀዳዳ ይወጠራል። ያው ፈረስ ሲታደን የኖረ እንስሳ ነው። የደከመውን ፈረስ አውሬ ቀድሞ ያየዋል። ስለዚህ ጮሆ አይነግርህም። ፊቱ ላይ ግን ትንሽ ታመልጠዋለች።

የጋሼ ልጅ የመጀመሪያውን ቀን በስልኩ ቀርጿል። ጥናቱን ካነበብኩ በኋላ አስልኬ አየሁት። እዚያ ላይ ሁሉም ነገር አለ። ጆሮው አለ፣ ዓይኑ አለ። ስጋው የተቆረጠበት ቀን ግን ማንም አልቀረጸም። በእጄ ያለው የራሴ ትዝታ ነው። ትዝታዬ ደግሞ በየቀኑ ትንሽ ይቀያየራል። አንዳንድ ቀን ጆሮው ዘና ብሎ ነበር ብዬ እምላለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ... አይ፣ እንጃ።

ይቅርታ፣ ዶሮው ነው። እሺ በቃ፣ ሰማንህ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ከርዕስ ልውጣ። የሰፈር ልጆች ጋሼን «አባ ዳማ» ማለት ጀምረዋል። እሳቸውም ወደዱት! «አቤት» ብለው ነው የሚዞሩት። እኔም እንዴት ደስ እንዳለኝ። እኛ አገር እኮ ትልልቆቹ ሰዎች በፈረሳቸው ነበር የሚጠሩት። ምኒልክ አባ ዳኘው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ። ባልቻ አባ ነፍሶ። ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። ሰውየውና ፈረሱ በአንድ ስም ታሪክ ውስጥ ገብተዋል። የጋሪ ፈረስ ግን ስሙን ማን ይጠይቃል? ጤፉን ከወፍጮ የሚያመጣው፣ ብሎኬቱን የሚያመላልሰው፣ የዚህን ሁሉ ኮንዶሚኒየም አሸዋ ከፊሉን የተሸከመው እሱ አይደል? ዳማ እንኳ ከቀለሙ ነው ስሙ የወጣው። ቢሆንም ስም ነው። አባ ዳማ። ያምራል።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ መቆሙን።

ሰው ፈረሱ ጸጥ ብሎ ቆመ ሲባል ደህና ነው ይላል። እኔ ደግሞ ሲቆም ነው የምፈራው። አንዱን እግር ስትታመም ክብደቱን ሌላው ላይ ትጥላለህ፤ ፈረስም እንደዚያው። አሜሪካ ውስጥ ባርባሮ የሚባል የእሽቅድምድም ፈረስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ኬንታኪ ደርቢን አሸነፈ። በሁለት ሳምንቱ ሌላ ውድድር ላይ የኋላ እግሩ ተሰበረ። ገንዘብ አልጎደለበትም፣ ሐኪም አልጎደለበትም። የተሰበረው እግር ለወራት ታከመ። ችግሩ በሌሎቹ እግሮች መጣ፤ ሰኮናው ከውስጥ ከያዘው አጥንት እየላቀቀ ሄደ። በጥር 2007 ከሥቃዩ እንዲያርፍ ወሰኑ። ይሄን ካነበብኩ ጀምሮ ጠዋት ጋጣው ስገባ መጀመሪያ የማየው ጤነኛውን እግር ነው። ሰኮናውን በእጄ እዳስሳለሁ፣ ግሏል አልጋለም እላለሁ። ዶክተሯም ጤነኛውን እግር ጭምር በፋሻ እንድንደግፈው ያደረገችው ለዚሁ ነው።

መቼም በምክር በኩል አልተቸገርንም። የተቃጠለ ዘይት ቀቡት ያለ አለ። የባትሪ አሲድ ያለ አለ። በጋለ ብረት ይተኮስ ያሉም ትልቅ ሰው ናቸው፣ በክፋት አይደለም፣ አባታቸው እንደዚያ ሲያደርጉ አይተው ነው። ጋሼ ግን እምቢ አሉ። ያን ቀን ስንቱን በትህትና እንደመለሱ ብታዩ። እባካችሁ፣ ፈረስ ወይ አህያ ያላችሁ ከሰማችሁኝ፣ ቁስል ላይ እነዚህን አታድርጉ። ያለውን ሕያው ስጋ ይገድሉታል። ውሃና ጨው ይበቃል፣ ሐኪም እስኪመጣ። የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ደግሞ አይረሳ። ተህዋሲው አፈር ውስጥ አለ፣ ራሱ የፈረሱ ፋንድያ ውስጥ አለ፣ ፈረስ ደግሞ ከሁሉም እንስሳ ይልቅ ይሸነፍለታል። ዶክተሯ ከሁሉ በፊት የወጋችው እሱን ነው።

እና... ባለፈው ሳምንት የሆነውን ልንገራችሁ። ለዚህ ነው ዛሬ ማይኩን የከፈትኩት።

እንደ ሁልጊዜው ባልዲዬን ይዤ ተጠጋሁ። ዳማ ጆሮውን ጣለ። እኔም ቆም አልኩ። አንገቱን አዙሮ አየኝ። ከዚያ ያን የታሰረውን እግር አነሳና ባልዲውን በእርግጫ አለው። ያ እግር! መጀመሪያ መሬት ማስነካት ያቃተው እግር! ውሃው ጋሼ ላይ ተደፋ። ጋሼ ተናደዱ፤ «ምን ነካህ አንተ? ጨዋ አልነበርክም እንዴ?» እኔ እዚያው ቆሜ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ለዶክተሯ ስደውልላት «ጥሩ ነው፣ ጉልበት አግኝቷል ማለት ነው» አለች። ቀለል አድርጋ።

ጉልበት ማግኘቱ ይሆናል። ወይም አሁን አይፈራንም። ወይም ደግሞ ያ ሁሉ ጊዜ ማለት የፈለገው ይሄን ነበር፣ አቅም ሲያገኝ አለው። እኔ እንጃ። ፈረስ ነው፣ እኔ ሰው ነኝ፣ ከፊቱ ላይ የማነበው ምናልባት የራሴን ሊሆን ይችላል። እናቴ ሆስፒታል ተኝታ «ደህና ነኝ» ስትለኝ የነበረውን ታስታውሳላችሁ። እሱን አሁን አላነሳም። ግን እሱም አብሮኝ ነው የሚዞረው።

ትናንት ማታ ደግሞ ጋሼ የጋሪውን ጎማ ሲፈትሹ አየኋቸው። ግሪስ እየቀቡ። ምንም አላልኳቸውም። ምን እላለሁ? ለእኔ ዳማ ዳማ ነው፤ ለእሳቸው ዳማም ነው፣ የልጆቻቸው ደብተርም ነው፣ ሁለቱም ነው። «ልቀቀው» ሲሏቸው ያልለቀቁት እኮ እሳቸው ናቸው። ከእኔ በላይ ይወዱታል ብል ማጋነን አይደለም። ዶክተሯም በጊዜው ቀላል ሥራ ሊሠራ ይችላል ብላለች፣ ቆዳው ከገጠመ።

ቅዳሜ ትመጣለች። አንድ ጥያቄ አዘጋጅቼላት ነበር፣ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሰረዝኩት። ስለ እግሩ አይደለም። ጋሪው ሲጠመድበት ጸጥ ብሎ ቢቆም፣ በምን አውቃለሁ ነው ጥያቄው። ይሄ ደግሞ ለሐኪም የሚጠየቅ ነው ወይ? ምናልባት ጋሼን ነው መጠየቅ ያለብኝ። እሳቸው ደግሞ «ጨዋ ፈረስ ነው ልጄ፣ አትጨነቂ» ነው የሚሉኝ። እና እውነት ሊሆን ይችላል፣ እሱም አለ...

በቃ፣ ከቅዳሜ በኋላ እንገናኝ። የምነግራችሁ ነገር ካለኝ እነግራችኋለሁ።