ጥር ሳይገባ ማይክ እንግዛ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ የቪዲዮ ባለሙያዎች ስብሰባ የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥታችሁ፣ ከሐይቅና ከኩታበር ማልዳችሁ የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ግብዣችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ የሀገር ሽማግሌዎች፤ እንኳን ደኅና መጣችሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ «ለዲኤስኤልአር ካሜራዎቻችን ምን አዲስ የቪዲዮ ዕቃና ተጓዳኝ መሣሪያ እንጠብቅ?» የሚል ነው። ዲኤስኤልአር ማለት ሌንሱ የሚቀያየር፣ በውስጡ መስታወት ያለው ካሜራችን ነው። ጊዜውን የጠበቀ ጥያቄ ነው፤ ለጥር ሠርግ ቀብድ የተቀበልን ብዙዎች ነን። ሆኖም ከመካከላችን አዲስ የዲኤስኤልአር ቦዲ፣ ማለትም ያለ ሌንሱ ካሜራው ራሱ፣ ይመጣል ብሎ ብር የሚያጠራቅም ካለ፣ ከወዲሁ ተስፋውን ቢቆርጥ ይሻለዋል። ካነንም ኒኮንም እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ አዲስ ዲኤስኤልአር አላወጡም። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2018 በአዲስ የሌንስ መግጠሚያ ወደ ሚረርለስ፣ ማለትም መስታወት ወደሌለው ካሜራ፣ ገብተዋል፤ ሐሳባቸውም ገንዘባቸውም ያለው እዚያ ነው። ለእኛ ካሜራ ከእንግዲህ የሚመጣለት ማይክ፣ መብራት፣ ፊልተር፣ ባትሪና ስታንድ ነው። እኔ ይህን እንደ ምሥራች እቈጥረዋለሁ። ምክንያቴን እንዳስረዳ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2008 ኒኮን ዲ90 ወጣ፤ ቪዲዮ የሚቀርጽ የመጀመሪያው ዲኤስኤልአር እርሱ ነው። በቀጣዩ ወር ካነን እኛ በአጭሩ «ማርክ ቱ» የምንለውን 5ዲ ማርክ 2 አስተዋወቀ፤ ሙሉ ኤችዲ የሚቀርጽ፣ ከበስተኋላ ያለውን አደብዝዞ ሙሽራዋን ብቻ የሚያወጣ ካሜራ ነበር። በካሴት ያደግን ሰዎች ያን ምስል መጀመሪያ ባየን ጊዜ የተሰማንን ዛሬ ለወጣቶቹ ማስረዳት ይቸግራል። ግን ማርክ ቱ ሲወጣ ጉድለቱ ብዙ ነበር። በሰከንድ የሚቀርጸው 30 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ብቻ ነው፤ በቪዲዮ ጊዜ ሹተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን የጊዜ ርዝመት፣ በእጅ መወሰን አይቻልም፤ የድምፁንም መጠን የሚወስነው ራሱ ካሜራው ነው። የሀገራችን መብራት በ50 ኸርትዝ ስለሚሠራ የፍሎረሰንት መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ ካሜራው ሹተሩን በራሱ ሲመርጥ ምስሉ ላይ መስመር እየወረደ የአዳራሽ ሥራ ያበላሽ ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2009 ሹተሩንና አይሪሱን (የሌንሱን የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ)፣ በ2010 ደግሞ 25 ፍሬምንና የድምፁን መጠን በእጅ መቈጣጠርን በፈርምዌር፣ ማለትም ካሜራው ላይ በሚጫን ሶፍትዌር፣ ለቀቀ። ቦዲው ያው ቦዲ ነው፤ የተከፈለ አንድም ሳንቲም የለም። ፈርምዌሩን የጫነ ሰው 1/50 ሰከንድ ላይ ሹተሩን አስሮ አዳራሹን በንጹሕ ምስል ቀረጸ፤ ያልጫነው ግን አዲስ ካሜራ እስኪወጣ እያማረረ ጠበቀ። መጠበቅ ልማድ የሆነብን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ይመስለኛል።

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ። እኔ የመጣሁት ስለ ድምፅ ልናገር ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዲት እህት ከጂዳ መጥታ ፍላሽ ይዛ ስቱዲዮዬ ገባች። ፍላሹ ላይ ያለው የራሷ ሠርግ ነው፤ ኮምቦልቻ አካባቢ በድንኳን የተደረገ፣ ሌላ ባለሙያ የቀረጸው። አባቷ ከዚያ ወዲህ አርፈዋል። የምትፈልገው ነገር አንድ ነበር፤ አባቷ ቆመው ሲመርቋት ያሉትን መስማት። ፋይሉን ከፈትሁት። ምስሉን ልንቀፍ ብል አልችልም፤ ጥርት ያለ ነው። የአባትዬው የተዘረጉ እጆች፣ ነጭ ጺማቸው ክሩ ተለይቶ፣ ከዓይናቸው ሥር የወረደችው እንባ ሳትቀር ትታያለች። ሄድፎን አደረግሁና ድምፁን ሰማሁ። ካሜራው ከሽማግሌው ራቅ ብሎ ሌንሱን ስቦ ቆሟል፤ የሚቀዳውም በገዛ ራሱ ማይክ ነው። ከድንኳኑ ጀርባ ጄኔሬተር አለ። የካሜራው ድምፅ መቈጣጠሪያ አውቶ ላይ ስለተተወ፣ አባትዬው ለትንፋሽ ባረፉ ቍጥር ካሜራው ጸጥታ የሆነ መስሎት ድምፁን ከፍ ያደርገዋል፤ ያኔ ጄኔሬተሩ ድንኳኑን ሞልቶ ይጮኻል። ታዳሚው በአንድ አፍ «አሚን!» ሲል ደግሞ ይደነግጥና ቍልቍል ያወርደዋል፤ አባትዬው የሚቀጥለውን ምርቃት የሚጀምሩት ልክ በዚህ ጊዜ ነው። እንዲህ እየሆነ ከምርቃቱ ሁሉ የተረፈው ጄኔሬተርና አሚን ነው።

ጄኔሬተሩን በሶፍትዌር ለመቀነስ ሞከርሁ። ጄኔሬተሩ ሲቀነስ የሰውዬው ድምፅም አብሮ ይሄዳል፤ ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ተደራርበው ተቀድተዋልና። ልጅቷ አጠገቤ ተቀምጣ የአባቷን ከንፈር እያየች «እዚህ ጋ ስሜን ጠርተዋል፤ ከስሜ ቀጥሎ ምን አሉ?» ትለኛለች። ምን ብዬ ልመልስ? ምስሉን ከፍ አድርጌ ፊታቸውን አሳየኋት፤ ሌላ የማሳያት አልነበረኝም። የመለሰችልኝን ዛሬ ለእናንተ እንዳለ ላድርስ፦ «ጋሼ፣ ፊታቸውን አልጠየቅሁዎትም። ፊታቸው ቤታችን ግድግዳ ላይ አለ።»

ባልደረቦቼ፣ ይህን ቃል ማንም ባለሙያ ሰምቶ ዝም ሊል አይገባም። በዚያን ቀን የነበረው ካሜራ ውድ ካሜራ ነው። ሌንሱም ውድ ነው። ድሮን ተነሥቷል። የጎደለው የካሜራውን የዋጋ ሽራፊ የማያህል አንዲት ማይክ ናት። የዋጋ ዝርዝራችንን አውጥተን እንመልከተው እስቲ፤ ድሮን አለ፣ ባለ ስንት ገጽ አልበም አለ፣ «4ኬ» የሚል የምስል ጥራት በደማቁ ተጽፏል። ከመካከላችን በዋጋ ዝርዝሩ ላይ «ድምፅ» የሚል አንድ መስመር ያለው ስቱዲዮ ካለ እጁን ያንሣ! እጅ አላየሁም። የማን ሀገር ሰዎች ነን? ባቲና አምባሰል የቅኝት ስም የሆኑት ከየት ሄደው ነው? መንዙማው፣ ዱዓው፣ የሽማግሌው ምርቃት፣ የዘመድ ዘፈን በእንጉርጉሮ የሚወርድበት አገር ላይ ሠርግ እየቀረጹ ድምፅን ለካሜራው ዕድል መተው ለወሎ ልጅ ነውር ነው! ደንበኛው «ስንት ኬ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አልፈርድበትም፤ እንዲጠይቅ ያስተማርነው እኛ ነን። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ይህችን ከተማ ሲደበድቡ የውጭ ጋዜጠኞች ካሜራ ይዘው ደሴ ነበሩ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከመትረየስ ጋር የሚታዩበትን ፎቶ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከፎቶ ማንም ድምፅ አይጠብቅም። ቪዲዮ ነው ብለን የምናስከፍል እኛ ግን ይጠበቅብናል።

ስለዚህ ምን እንጠብቅ ለሚለው መልሴ ከዚህ ይነሣል። ገመድ አልባ ማይክ በእኛ ዓይን ፊት የተለወጠ ዕቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሮድ የተባለው ኩባንያ ዋየርለስ ጎ የተባለውን፣ ትራንስሚተሩ (ድምፁን በአየር የሚልከው ክፍል) ራሱ ማይክ የሆነለትን ትንሽ ዕቃ አወጣ፤ በ2021 ሁለተኛው ሲመጣ ሁለት ትራንስሚተር ያዘ፤ በውስጡም መቅዳት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ሮድ ዋየርለስ ፕሮና በ2024 መጀመሪያ የወጣው ዲጄአይ ማይክ 2 ደግሞ በውስጣቸው በ32 ቢት ፍሎት ይቀዳሉ። በስም የጠራኋቸው ላሻሽጥ አይደለም፤ ገበያው ወዴት እንደሚሄድ እንድታዩ ነው፤ ከእነርሱ የሚረክሱ ብዙ አሉ፣ ይመጣሉም። በ32 ቢት ፍሎት የተቀዳ ድምፅ ሽማግሌው በሹክሹክታ ጀምረው በእልልታ ቢጨርሱ እንኳ ኢዲቲንግ ላይ ከፍና ዝቅ ተደርጎ ይስተካከላል። ይህ የሚሆነው ግን ትራንስሚተሩ ውስጥ በተቀዳው ፋይል ነው፤ በአየር ወደ ካሜራው የሚሄደው ይህ ጸጋ የለውም። ስለዚህ በውስጥ መቅዳቱን ማብራት አትርሱ። ካሜራው ላይ ደግሞ አውቶውን አጥፍታችሁ የካሜራውን የድምፅ መጠን ዝቅ፣ የሪሲቨሩን (ድምፁን ከአየር የሚቀበለውን ክፍል) መውጫ ከፍ አድርጉ፤ የድሮ ዲኤስኤልአሮች የድምፅ ማጉያቸው ሹሽሹታ ይበዛዋል።

እንደ ካነን 1200ዲና 2000ዲ ያሉ ካሜራዎች የማይክ ቀዳዳ የላቸውም፤ የኒኮን ዲ90ም የለውም። የእነዚህ ባለቤቶች አብሽሩ፤ ከሁላችንም ይልቅ የሚጠቅማችሁ በውስጡ የሚቀዳው ነው። ካሜራውን ከፍታችሁ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ፤ በኢዲቲንጉ ታይምላይን ላይ ጭብጨባውን ከጭብጨባው ጋር ታገጥማላችሁ፣ አለቀ። ደግሞም ማርክ ቱ አንድ ፋይል 4 ጊጋባይት ሲሞላ፣ በሙሉ ኤችዲ 12 ደቂቃ ያህል ላይ፣ ይቆማል፤ ከእርሱ በኋላ የመጡትም አብዛኞቹ 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ ይቆማሉ። የኋለኛው ገደብ የመጣው በአውሮፓ ኅብረት 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚቀርጽ ዕቃ እንደ ቪዲዮ ካሜራ ተቈጥሮ ተጨማሪ ቀረጥ ይጣልበት ስለነበር ነው። በአውሮፓ ቀረጥ ምክንያት የእኛ ቄስ ስብከታቸውን ሳይጨርሱ ካሜራ ይጠፋል እንግዲህ። ለብቻው የሚቀዳ ድምፅ ግን አይቋረጥም፤ በመካከል የጠፋውን ምስል ከሌላው ካሜራ ትሸፍኑታላችሁ።

ይህን መግዛት ለማይችል ደግሞ ልብስ ላይ የሚሰካው፣ ባለ 6 ሜትር ገመዱ ማይክ ቦያ ቢዋይ ኤም 1 አለ። ገመዱ ያስቸግራል እንጂ ድምፁ ካሜራው ላይ ካለው ጋር አይወዳደርም። በመሐሉ ያለችውን ማብሪያ ከስልክ ወደ ካሜራ መልሷት፤ ትንሿን ኤልአር44 ባትሪም ከሠርጉ በፊት ቀይሩ። በተክሊል ጊዜ ማይኩን ካባው ላይ አትስኩት፤ የካባው ጥልፍ እየተፋተገ ቃል ኪዳኑን ይበላዋል። ክራባት ላይ ይሁን። ጦሳ ላይ ወይም ሐይቅ ዳር የምትቀርጹ ፀጉራሙን የንፋስ መከላከያ ሳትይዙ እንዳትወጡ።

ከድምፅ ቀጥሎ የማስቀምጠው ኤንዲ ፊልተር፣ ማለትም ወደ ሌንሱ የሚገባውን ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት፣ ነው። በጠራራ ፀሐይ በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 አይሪሱን 2.8 ላይ ከፍተን በ1/50 ሹተር ለመቅረጽ 6 ስቶፕ ያህል ብርሃን ይተርፈናል፤ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በእጥፍ መጨመሩ ነው። ፊልተር የሌለው ሹተሩን ወደ 1/3200 ይሰቅለዋል፤ ያን ጊዜ እስክስታው ይቈራረጣል፣ ትከሻው እንደ ማሽን ይንቀጠቀጣል። ከብርሃኑ 64 አንዱን ብቻ የሚያሳልፍ ፊልተር ይህን ይፈታዋል።

ስለ ኤልኢዲ መብራት ብዙ አልልም፤ እየረከሰና እየተሻሻለ ነው፣ ስትገዙ ግን በራችሁ ካሜራ ሞክሩት፣ የሚርገበገብ ሞልቷል። ካሜራው እንዳይንቀጠቀጥ የሚይዘው ጂምባልም ጥሩ ነው፤ ማርክ ቱን ከከባድ ዙም ጋር ተሸክሞ ሙሉ ቀን የሚውል ክንድ ካላችሁ ግዙት። ባትሪ ላይ አስመሳዩ በዝቷልና ቀሪውን መጠን ለካሜራው የማይነግር ኤልፒ-ኢ6 ይዛችሁ ተክሊል አትግቡ።

የመጨረሻው ነገር ገንዘብ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ብዙዎቻችን ዕቃችንን አጥተን ከባዶ ጀምረናል፤ መጀመሪያ የገዛነውም ቦዲ ነበር፤ ያለ ቦዲ አይሠራምና ትክክል ነበርን። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ ግን ከ57 ብር አካባቢ የነበረው የባንክ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ፤ ቦዲ መቀያየር ያኔ አበቃ። ማይክ፣ ፊልተርና ስታንድ ቦዲው ቢቀየርም ይቀራሉ፤ የዛሬው የካነን ኢኤፍ ሌንሳችን ራሱ በአዳፕተር ሚረርለስ ላይ ይሠራል። ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ባለ ሁለት ትራንስሚተር ማይኮችን በማኅበር እንግዛ፤ ለደሴም ለኮምቦልቻም ይደልደሉ፤ ሠርግ ያለው አባል በተራው በኪራይ ይውሰድ፤ ኪራዩ ለጥገናና ለባትሪ ይዋል። ያበላሸ ይተካ። የዋጋ ዝርዝራችን ላይም «ድምፅ» የሚለው መስመር ከዚህ ጥር ጀምሮ በሁላችንም ዘንድ ይግባ፤ ዋጋውን እዚሁ እንነጋገርበት።

የሚስማማ ስሙንና የሚያዋጣውን በር ላይ ባለው መዝገብ ያስመዝግብ፤ ገንዘብ ያዡ እስከ ስብሰባው መጨረሻ አይነሡም። ዕቃው ከአዲስ አበባ ተገዝቶ እስኪመጣና እስኪሞከር ጊዜ ስለሚፈልግ መዋጮው ከኅዳር እንዳያልፍ አሳስባለሁ። አሁን ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይም በዋጋው ላይ፣ እየተነሣችሁ ጠይቁኝ።