ከወደቡ የተወረወረው

እሺ፣ እንደ ልማዳችን ካርታውን ዘርጉ። ዛሬም ቴራ ላይ ነን፣ ሳንቶሪኒ በምትሏት የግሪክ ደሴት። ባለፈው ወይኗን አንስተን ዘጋን፤ አንድ ነገር ግን አልለቀቀኝም።

የጥንቱ የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እንደጻፈው እዚህ ደሴት ላይ ሰባት ዓመት ዝናብ ጠብ አላለም። ከአንዲት ዛፍ በቀር ዛፉ ሁሉ ደረቀ። ቴራ ወንዝ የላትም፤ መሬቷ የእሳተ ገሞራ አመድ ስለሆነ ውሃ ላዩ ላይ አይቆይም። ከተማዋ ከባህር በላይ 360 ሜትር ገደማ፣ ተራራ ጫፍ ላይ ነበረች። ፍርስራሿ ውስጥ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓዶች ዛሬም አሉ። እንዲህ ባለ ቦታ ጉድጓድ ከነጠፈ ከጎረቤት አይቀዳም፤ ጎረቤቱ ባህር ነው።

ስለዚህ ዕጣ ጣሉ። ከሁለት ወንድማማቾች አንዱ ሄዶ ሌላ አገር ይስፈር ተባለ። ባቱስን መሪ አድርገው በሁለት ባለ 50 መቅዘፊያ መርከብ ወደ ሊቢያ ሰደዷቸው። ልጆቹ ደረሱ፣ የሚያደርጉት ጠፋባቸው፣ ተመለሱ።

እዚህ ጋ ነው የምቆመው። ወደቡ እየቀረበ ነው፣ ቤታቸው ይታያል። ከዳር ያሉት ደግሞ ወረወሩባቸው። አትወርዱም፣ ተመለሱ አሏቸው። ዕጣው በወንድማማቾች መካከል ነበር እኮ! ዳር የቆመው ማን ነበር ታዲያ? ምናልባት... አላውቅም፣ ልጨርሰው አልፈልግም።

ልጆቹ ኋላ ሊቢያ ውስጥ በመሠረቷት ከተማ በቀሬና የተገኘ፣ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት የተቀረጸ ድንጋይ አለ። መሐላቸው ነው ይላል። አልሄድም ያለ ይሙት፤ አምስት ዓመት ታግለው ካልሆነላቸው ግን ይመለሱ፣ ንብረታቸውም ይጠብቃቸው። የሰም ምስል ሠርተው አቃጠሉ፤ መሐላውን ያፈረሰ ከነዘሩ እንደዚህ ይቅለጥ ብለው። መመለስ ከተፈቀደ ውርወራው ምንድን ነው? መሐላው ኋላ የተቀነባበረ ነው የሚሉ ምሁራን አሉ። ሊሆን ይችላል።

ቀሬና ስል ታውቋታላችሁ፣ መስቀሉን የተሸከመው የስምዖን አገር። ልጆቹ እዚያ የደረሱት መጀመሪያ ከሊቢያ ጠረፍ ባለችው ፕላቴያ ደሴት ሁለት ዓመት፣ ቀጥሎ በየብሱ አዚሪስ በሚባል ቦታ ስድስት ዓመት ከቆዩ በኋላ ነው። የአገሩ ሰዎች ምርጡን ቦታ እንዳያዩት በሌሊት አሳልፈው ምንጭ ዳር አደረሷቸውና «እዚህ ሰማዩ ቀዳዳ ነው» አሏቸው። ሰባት ዓመት ዝናብ አጥቶ ለወጣ ሰው ይህን ማለት! ደጋ ነው፣ 600 ሜትር ገደማ። አዝመራው መጀመሪያ ከባህሩ ዳር፣ ከዚያ ከወገቡ፣ በመጨረሻ ከላይ ይሰበሰባል፤ ስምንት ወር ያጭዳሉ። የምሥረታዋ ዓመት ብዙ ጊዜ 631 ከክርስቶስ ልደት በፊት ይባላል።

ደስ ይላል አይደል? እኔ ግን አሁንም ወደቡ ላይ ነኝ። ሄሮዶቱስ ድርቁንና ዕጣውን የሰማው ከቴራ ሰዎች ነው። ውርወራው የሚመጣው የቀሬናዎቹ ወሬ ከገባ በኋላ ነው። የወረወሩት አልተናገሩትም፣ የተወረወረባቸው ግን... እና ያቺ የተረፈችው ዛፍ፣ እሷስ የማን ግቢ ነበረች...