የእውኑን መሬት ወደ ጦርነት ጨዋታ ካርታ ስናመጣ

የተከበራችሁ የሲናሪዮ ሠሪዎች፣ ተጫዋቾችና እንግዶች፣

የከፍታ ዳታ ዛሬ በነፃ ይገኛል፤ ማውረዱም የደቂቃዎች ሥራ ነው። የሚያደክመው መሬቱን ስናሳንሰው በወታደሩ ላይ ያደርግ የነበረውን ነገር አለማጥፋት ነው። ማንን ይጋርድ ነበር? ማንን ያዘገይ ነበር? በየት በኩል ብቻ ያሻግር ነበር? ካርታችን ለእነዚህ ትክክለኛ መልስ ከሰጠ፣ የቀረው ጌጥ ነው።

ሥራው የሚጀመረው የአንዱን ሄክስ፣ ማለትም የጨዋታው ካርታ የሚከፈልበትን ባለ ስድስት ጎን ክፍል፣ ስፋት በመወሰን ነው። ሄክሱ ከጎን ወደ ጎን 500 ሜትር፣ ዳታው ደግሞ ባለ 30 ሜትር ከሆነ (አንዱ ፒክስል 30 በ30 ሜትር መሬት የሚሸፍን ማለት ነው)፣ አንድ ሄክስ ውስጥ 240 ያህል ፒክስል ይገባል። ብዙዎቻችን አማካያቸውን ወስደን እናልፋለን። ጥፋቱም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። 25 ሜትር ከፍታና 100 ሜትር የግርጌ ስፋት ያለው ሸንተረር ሄክሱን መሀል ለመሀል ቢያቋርጥ፣ በአማካዩ ላይ የሚጨምረው 3 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከፍታን በየ10 ሜትሩ በሚከፍል ኤዲተር (የካርታ መሥሪያ ፕሮግራም) ውስጥ ያ ሸንተረር ጠፋ ማለት ነው፤ ከጀርባው ያደፈጠው ጦርም ሜዳ ላይ ተገትሮ ለመድፍ ይጋለጣል። ታዲያ የየሄክሱን ከፍተኛ ነጥብ እንውሰድ ብንል ደግሞ ጠባብ ሸለቆዎች ይደፈናሉ። የምመክረው አማካዩን መሠረት አድርጎ፣ እይታ የሚጋርዱትን ጫፎች አንድ በአንድ በእጅ ማንሳት ነው። አሰልቺ ነው፤ ይሁን እንጂ ይህን ሥራ የሚተካ ፕሮግራም እስካሁን አላየሁም።

የከፍታ ደረጃው ከየት እንደሚቆጠርም ልብ በሉ። ሸንተረሩ 138 ሜትር፣ ፊት ለፊቱ ያለው ዳገት 131 ሜትር ቢሆን፣ ከ130 የሚጀምረው ደረጃ ሁለቱንም አንድ ያደርጋቸዋል። መነሻውን በ5 ሜትር ብናንሸራትተው ግን ይለያያሉ።

ዳታው ብዙ ጊዜ የሚመጣው በዲግሪ ተለክቶ ነው። 50 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ የአንድ ዲግሪ ኬንትሮስ ርዝመት በምድር ወገብ ካለው 64 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ እንዳለ ከተጠቀምንበት ሜዳው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተለጥጦ ይወጣል። ስለዚህ ኪውጂአይኤስ በተባለው የካርታ ፕሮግራም ወደ አካባቢው የዩቲኤም ዞን፣ ማለትም በሜትር ወደሚለካ የካርታ ሥርዓት፣ እንቀይረው። ስንቀይር የከፍታውን ፋይል የአጎራባች ፒክስሎችን ዋጋ በሚያቀላቅለው የባይሊኒየር ዘዴ፣ የመሬት ሽፋኑን ፋይል ግን የቅርቡን ፒክስል ዋጋ እንዳለ በሚወስደው የቅርብ ፒክስል ዘዴ እናድርገው። የጫካ ኮድ 10፣ የውኃ ኮድ 80 ሆኖ ሳለ ቢቀላቀሉ፣ በጫካና በሐይቅ ድንበር ላይ 45 የሚባል ትርጉም የለሽ ኮድ ይፈጠራል።

ጫካን ካነሳን፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ከጠፈር መንኮራኩር ላይ በራዳር የተለካው የኤስአርቲኤም ዳታ ጥቅጥቅ ባለ ደን ሥር ያለውን አፈር አያይም። የሚመዘግበው ከዛፎቹ አናት ዝቅ ብሎ ያለውን ከፍታ ነው፤ በዚህም ደኑ ኮረብታ መስሎ ይታያል። እኛ ደግሞ በላዩ ላይ የጫካ ሄክስ ስንጨምርበት ያው ዛፍ እይታን ሁለት ጊዜ ይጋርዳል። የደኑ ጠርዝ ላይ ድንገት የሚዘል ከፍታ ካያችሁ እሱን ቀንሱ።

ከሁሉ የሚብሰው ዘመኑን መርሳት ነው። ናፖሊዮን የተሸነፈበትን የቤልጂየሙን የዋተርሉ ሜዳ እንውሰድ። የእንግሊዙ የጦር አዛዥ ዌሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1815 አብዛኛውን ጦሩን ያሰለፈው ከሞን ሴን ዣን ሸንተረር ጀርባ ነበር። ከውጊያው በኋላ ግን 40 ሜትር የሚያልፈው የአንበሳው ጉብታ እዚያው ተሠራ፤ ሥራው ያለቀው በ1826 ሲሆን አፈሩም የተዛቀው ከዚያው ሸንተረር ላይ ነው። የዛሬው ዳታ እንግዲህ ያልነበረ ኮረብታ ያሳየናል፤ የነበረውን ሸንተረር ደግሞ ዝቅ አድርጎታል። በዘመኑ ዋናው መጋረጃ እሱ ነበርና፣ ጉብታውን አንስቶ ሸንተረሩን መመለስ ግድ ይላል። ለመንገዱና ለደኑ ከ1771 እስከ 1778 የተሠራው፣ 1፡11,520 ልኬት ያለው የአካባቢው አሮጌ ካርታ፣ የፌራሪስ ካርታ፣ ይረዳል። አሮጌ ካርታ ስታገጣጥሙ የቤተ ክርስቲያን ማማዎችንና የመንገድ መገናኛዎችን ያዙ፤ በአራቱም ማዕዘን ይበተኑ። የወንዝ ጥምዝ ቦታውን ይለውጣልና አትመኑት።

ወንዝ በሄክስ ጠርዝ ላይ ሲሣል፣ አንዲት ጠርዝ ብትዘለል ያልነበረ መልካ ተከፈተ ማለት ነው፤ ኮምፒውተሩም ጦሩን በሙሉ በዚያች ቀዳዳ ያጎርፈዋል። በጠባብ ሸለቆ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄዱ መንገድና ወንዝም ወደ ሄክስ ሲቀየሩ እየተጠላለፉ የሌሉ ድልድዮችን ይፈጥራሉ። መንገዱን 1 ሄክስ ገፍታችሁ በትክክለኛው ዳርቻ አስቀምጡት፤ እዚህ ላይ የ500 ሜትር ስሕተት ከሐሰተኛ ድልድይ ይሻላል።

ጦር ከማስፈራችሁ በፊት ከዋና ዋናዎቹ ከፍታዎች የእይታ መስመሩን ፈትሹ። ከዚያ አንድ እግረኛ ክፍል በባዶው ካርታ ላይ አስኪዱ። በመንገድ ላይ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ከሆነና አንዱ ተራ (የጨዋታው አንድ ዙር) 30 ደቂቃ ከሆነ፣ በየተራው 4 ሄክስ መሄድ፣ የ8 ኪሎ ሜትር መንገድንም በ4 ተራ መጨረስ አለበት። ከዘገየ የእንቅስቃሴ ወጪውን (ጨዋታው ሄክስ ለመሻገር የሚያስከፍለውን) ለመነካካት አትቸኩሉ፤ መንገዱን ሄክስ በሄክስ ተከተሉት፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ቦታ ተቆርጦ ታገኙታላችሁ።

አመሰግናለሁ።