ከመጨረሻው ጀምሪ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ የኖርዌይኛ ቃል ነው። ኦስሎ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት በደብዳቤ የመጣብኝ ቃል፦ ኦፕሆልስቲላተልሰ። በላቲን ፊደል 18 ሆሄ ነው፤ መሃሉ ላይ አንድም ክፍተት የለውም። ከፊት እየጀመርኩ ደጋግሜ አነበብኩት። ትንፋሼ አለቀ እንጂ ትርጉሙ አልመጣልኝም።

የቋንቋ አስተማሪዬ አየችውና «ከመጨረሻው ጀምሪ» አለችኝ። ቲላተልሰ ፈቃድ ነው። ኦፕሆል ደግሞ ቆይታ። መሃል ያለችው ስ ማያያዣ ናት። የመኖሪያ ፈቃድ! ስንት ሌሊት እንቅልፍ ያጣሁለት ነገር እዚያ ቃል ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር።

በኖርዌይኛ ጥምር ስም ዋናው የመጨረሻው ቃል ነው። ጾታውንም ብዙ ቁጥሩንም የሚወስነው እሱ ነው። ሲክ የታመመ፣ ሁስ ቤት፤ ሲከሁስ ሲሉ ሆስፒታል። ባርን ልጅ፣ ሃገ የአትክልት ቦታ፤ ባርነሃገ መዋዕለ ሕፃናት።

እኛም ትምህርት ቤት፣ ምግብ ቤት ስንል በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። ከግዕዝ የወረስነው ቤተ መጻሕፍት ግን ይገለበጣል፤ ቤቱ ፊት ይመጣል። ማያያዣዋን ግን ልብ በሉልኝ። ቤት «ቤተ» ይሆናል፣ ሲክም «ሲከ» ይሆናል። ሙጫው በሁለቱም ቋንቋ የመጀመሪያው ቃል ጫፍ ላይ ነው። ይህን ባየሁ ቀን ኖርዌይኛ ዘመድ ዘመድ ሸተተኝ።

ስ ደግሞ ሌላም ሥራ አላት። የወይን ብርጭቆ ቪንግላስ ነው፣ ያለ ስ። ቀይ ወይን ሲሆን ግን ሮቪንስግላስ ይላሉ። ቀዩ ወይኑ ነው እንጂ ብርጭቆው አይደለም። ስ ገብታ ቃሉ የት ላይ እንደሚከፈል ታሳየናለች። እንዴት ደስ ይላል!

እኛ ቤተመጻሕፍትን ብንገጥመውም ብንለያየውም ያው ነው። እነሱ ጋ ግን ክፍተት ትርጉም ይለውጣል። ላመሎር የበግ ጠቦት ጭን ነው፤ ለእንግዳ የሚጠበስ። ላመ ሎር ብላችሁ ከለያያችሁት ሽባ የሆኑ ጭኖች ይሆናል። ጆሮም ይለየዋል። ሲገጥም ዋናው ጉልበት ላመ ላይ ይወድቃል፤ ሲለያይ ሎርም የራሱን ጉልበት ያገኛል። ስለዚህ ግራ ሲገባኝ መጀመሪያ ጮክ ብዬ እለዋለሁ፣ ከዚያ እጽፈዋለሁ።

አንድ የምወደው ነገር ቀረኝ። ናት ሌሊት ነው፣ ቶግ ባቡር። ናት በሁለት ቲ ያልቃል፣ ቶግ በሌላ ቲ ይጀምራል። የሌሊት ባቡር ለማለት ሲገጥሙ ሦስት ቲ ሊደረደር ነው፤ ይህን አይፈቅዱም፣ አንዷ ትወድቃለች። ቃሉ መስመር መጨረሻ ላይ ደርሶ ለሁለት ከተከፈለ ግን የወደቀችው ትመለሳለች። አንድ ቀን ጋዜጣ ላይ አገኘሁት። ሁለቱ ቲዎች ከሰረዙ በፊት ቀርተዋል፤ ሦስተኛዋ ቶግን ይዛ ታችኛው መስመር መጀመሪያ ላይ ቆማለች።